ቫይታሚኑን ማን ይዞ፣ መቼ ይልቀቀው?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)

የዛሬውን ትምህርት ብዙ ሰው አይቶት ለጎረቤቱ ከማያወራው ነገር እጀምራለሁ። ቢ ኮምፕሌክስ የሚባለውን ክኒን የዋጠ ሰው ጥቂት ሰዓት ቆይቶ ሽንቱ እንደ እርድ ደማቅ ቢጫ ይሆንበታል። «ኩላሊቴ ታመመ» ብሎ የሚደነግጥ አለ። ሕመም አይደለም። ያ ቢጫ ቀለም ራሱ ቫይታሚኑ ነው። ቫይታሚን ቢ2 ወይም ራይቦፍላቪን ይባላል፤ «ፍላቪን» የሚለውም ቢጫ ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው። ሰውነታችን በዚያች ሰዓት የቻለውን ያህል ወሰደ፤ የተረፈውን ኩላሊት አጣርቶ አስወጣው። ጠዋት የዋጥነው ቫይታሚን ከፊሉ ከሰዓት በፊት ከቤት ወጥቶ ሄደ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ ቫይታሚን አስቡ። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያሉ ልጆች በየ6 ወሩ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ክትባት ቦታ ሲወሰዱ ትንሽ ካፕሱል ጫፏ በመቀስ ተቆርጦ በአፋቸው ጠብ ይደረግላቸዋል። ቫይታሚን ኤ ነው። ዓመት ያልሞላው ሕፃን 100,000፣ ከዚያ ከፍ ያለው 200,000 ዓለም አቀፍ ዩኒት ይሰጠዋል። ያቺ ጠብታ ለወራት ትበቃለች፤ ልጁን ከዳፍንት ትጠብቀዋለች፤ በሽታ የመቋቋም አቅሙንም ትደግፋለች። ለምን አንዱ በሰዓታት ሲያልቅ ሌላው ወራት ይቆያል? ቫይታሚን ኤ በስብ ስለሚሟማ ጉበት ተቀብሎ ያከማቸዋል። ከዚያ በኋላ ጉበት ራሱ በሠራው ተሸካሚ ፕሮቲን ላይ እያሳፈረ፣ ደም በጠየቀው መጠን ብቻ፣ ጥቂት በጥቂት ይለቀዋል። ጉበታችን ጎተራም ነው፣ የጎተራው ጠባቂም ነው።

በውኃ ለሚሟሙት ለቫይታሚን ሲና፣ ከቢ12 በቀር ለአብዛኞቹ የቢ ቤተሰቦች፣ ሰውነታችን ይህን የሚያህል ጎተራ የለውም። እንግዲህ የዛሬው ጥያቄያችን ይህ ነው፦ ጉበት ለቫይታሚን ኤ የሚያደርገውን ለሌሎቹ የሚያደርግ ነገር፣ ይዞ የሚያቆይ፣ ሰዓትና ቦታ አይቶ የሚለቅ ነገር፣ ሰው በእጁ ሊሠራ ይችላል ወይ?

ይችላል፤ እየሠራውም ነው። የሚሠራበት ዕቃ ፖሊመር ይባላል። በተለይ ዛሬ የምነግራችሁ የተዳቀለ ፖሊመርን ነው። ማዳቀል ስል የአቮካዶ ችግኝ ወደ አእምሯችሁ ከመጣ ጥሩ፤ በዚያው ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

(አጭር ሙዚቃ)

መድኃኒትን ቀስ ብሎ እንዲወጣ የማድረግ ሐሳብ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ስሚዝ ክላይን ኤንድ ፍሬንች የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ስፓንስዩል የሚል ስም የሰጠውን ካፕሱል ለገበያ አቀረበ። ካፕሱሉ ሲከፈት በውስጡ በመቶ የሚቆጠሩ ጥቃቅን እንክብሎች አሉ። አንዳንዶቹ ስስ ልባስ፣ ሌሎቹ ወፈር ያለ ልባስ ለብሰዋል። ስሱን የለበሱት ቀድመው ይሟሟሉ፤ ወፍራሙን የለበሱት ዘግይተው ይከተላሉ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተራ በተራ ይወርዳሉ። ቀላል፣ ግን ብልህ ሥራ ነው።

ቀጥሎ ጁዳ ፎክማን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም መጣ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በባሕር ኃይል ቤተ ሙከራ ሲያገለግል አንዳንድ መድኃኒቶች በሲሊኮን ላስቲክ ግድግዳ ውስጥ ቀስ እያሉ ሾልከው እንደሚወጡ ተገነዘበ። ከባልደረባው ጋር ሆኖ በ1964 አሳተመው። ላስቲኩ አልተቀደደም፣ አልቀለጠም፤ መድኃኒቱ በግድግዳው ውስጥ እየተሳበ ወጣ እንጂ። ከዚህ ሐሳብ የበቀለውን ዕቃ ብዙ የኢትዮጵያ እናቶች በክንዳቸው ይዘውት ይኖራሉ። በቆዳ ሥር የሚቀበረው የወሊድ መቆጣጠሪያ ማለቴ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ማስገባት የጀመሩት ኢምፕላኖን 4 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላት የፕላስቲክ ዘንግ ናት። 68 ሚሊ ግራም ሆርሞን ይዛ 3 ዓመት ታገለግላለች። አንዲት ዘንግ፣ 3 ዓመት! እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይደንቀኛል፤ ከ1,000 በላይ ቀናት ሙሉ ሳታቋርጥ በየቀኑ የማይክሮግራም ልክ ትለቃለች።

ይሁንና ክንድና አንጀት አንድ አይደሉም። በክንድ ሥር የተቀበረ ዘንግ ጊዜን ብቻ ቢያውቅ ይበቃዋል፤ ያለበት ቦታ አይለወጥም። በአፍ የሚዋጥ ቫይታሚን ግን መንገደኛ ነው። ከአፍ ወደ ጨጓራ፣ ከጨጓራ ወደ ትንሹ አንጀት፣ ከዚያ ወደ ትልቁ ይጓዛል። ጨጓራ ውስጥ ከሎሚ ጭማቂ የበረታ አሲድ አለ፤ ትንሹ አንጀት ሲደርስ አሲዱ ይከሽፋል። ተሸካሚው ከጊዜ ሌላ ቦታም ማወቅ አለበት። «አሁን ጨጓራ ነኝ፣ ዝም ልበል፤ አሁን አንጀት ገባሁ፣ ልክፈት» የሚል ዕቃ ያስፈልጋል። ዓይንና ጆሮ የሌለው ነገር ይህን እንዴት ያውቃል? የማዳቀሉ ጥበብ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ፖሊመር ምንድን ነው? ዶቃ በክር ሰክታችሁ ታውቃላችሁ። አንድ ዓይነት ዶቃ በመቶ፣ በሺህ እየተሰካ ረጅም ሲሆን ፖሊመር ነው፤ ልዩነቱ ክር የለውም፣ ዶቃዎቹ ራሳቸው እጅ ለእጅ ይያያዛሉ። ከእንሰት የሚወጣው ቡላ በአብዛኛው ስታርች ነው፤ ጋቢያችሁ የተሠራበት ጥጥ ሴሉሎስ ነው። የሁለቱም ዶቃ ግሉኮስ ነው፣ አንድ ዓይነት ስኳር። ዶቃዎቹ የሚያያዙበት አቅጣጫ ስለተለየ ብቻ አንደኛው ይበላል፣ ሌላው ይለበሳል። ሦስተኛ ልጨምር፦ ካይቶሳን። ከባሕር ሽሪምፕና ከክራብ ቅርፊት የሚዘጋጅ ሲሆን፣ ሻርል ሩዤ የተባለ ፈረንሳዊ በ1859 የደረሰበት ነው።

እነዚህ የተፈጥሮ ፖሊመሮች ለሰውነት የለዘቡ፣ በዋጋም የማይከብዱ ናቸው። ነገር ግን ትእዛዝ አይቀበሉም። ስታርች አንጀት እንደገባ ኢንዛይም ይበላዋል። ካይቶሳን ገና በጨጓራ አሲድ ይሟሟና የያዘውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያፈሰዋል። በፋብሪካ የሚሠሩት ፖሊመሮች በበኩላቸው ጠባያቸው እንደተፈለገው ሊቀረጽ ይችላል፤ ግን ብቻቸውን ሲሆኑ ሰውነት አፍርሶ ሊያስወግዳቸው የማይችላቸው ብዙዎች ናቸው። ታዲያ የአንዱን ገርነት ከሌላው ታዛዥነት ጋር እንዴት እናገናኝ?

አሁን ወደ አቮካዶው እንመለስ። በአገራችን የችግኝ ጣቢያዎች ሐስ የተባለው አቮካዶ የሚባዛው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ የአገሬው አቮካዶ ፍሬ ተዘርቶ ይበቅላል፤ አፈሩን የለመደ ጠንካራ ሥር አለው። ግንዱ እርሳስ ሲያህል አናቱ ይቆረጥና መሐሉ በስለት ይሰነጠቃል። ከሐስ ዛፍ የተቆረጠች ቀንበጥ ጫፏ ተሹሎ በስንጥቁ ውስጥ ትገባለች፤ በፕላስቲክ ይጠመጠማል። ከሳምንታት በኋላ ሁለቱ አንድ ዛፍ ይሆናሉ፤ ከታች የአገሬው ሥር፣ ከላይ የሐስ ፍሬ። ያለ ስለት ግን ምንም የለም። ቀንበጧን ግንዱ ላይ ብታስደግፏት ትደርቃለች፤ መጀመሪያ ግንዱ መቁሰል አለበት።

ኬሚስቱ የሚሠራውም ይህንኑ ነው። ግንዱ የስታርች ወይም የካይቶሳን ሰንሰለት ነው። ስለቱ ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1958 ሚኖና ካይዘርማን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የሴሪየም ጨው ለዚህ እንደሚያገለግል አሳዩ። ሴሪየም ብርቱካናማ ቀለም ያለው ጨው የሚሰጥ ብረት ነው። በውኃ ተሟሙቶ ከሰንሰለቱ ሲገናኝ አንዲት ኤሌክትሮን ይነጥቅና በሰንሰለቱ ላይ አጋር የምትፈልግ ክፍት ቦታ ይተዋል። ቁስሏ እርሷ ናት። በአካባቢው አክሪሊክ አሲድ የተባለ ትንሽ ሞለኪውል ካለ እዚያች ቦታ ላይ ይያዛል፤ በእርሱ ላይ ሌላ፣ በዚያ ላይ ሌላ እየተቀጠለ ቅርንጫፍ ይበቅላል። በመጨረሻ የምናገኘው ግንዱ የተፈጥሮ፣ ቅርንጫፉ ሰው የመረጠው የሆነ ፖሊመር ነው።

በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት ፒዮሪያ በምትባል ከተማ የእርሻ ሚኒስቴሩ ቤተ ሙከራ አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፔኒሲሊን በብዛት የሚመረትበትን መንገድ ካገኙት ቦታዎች አንዱ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የዚያ ቤተ ሙከራ ሰዎች በበቆሎ ስታርች ግንድ ላይ ሰው ሠራሽ ቅርንጫፍ አዳቅለው፣ በአልካሊ ቀቅለው፣ የራሱን ክብደት በመቶ እጥፍ የሚቆጠር ንጹሕ ውኃ የሚጠጣ ዱቄት ሠሩ። ሱፐር ስለርፐር ብለው ጠሩት። ሐሳባቸው በቆሎ አምራቹ ለምርቱ አዲስ ገበያ እንዲያገኝ ነበር። የዱቄቱ ዘመዶች ዛሬ በየቤቱ በዳይፐር ውስጥ አሉ።

(አጭር ሙዚቃ)

እስቲ አሁን ቤት ውስጥ ልትሠሩት የምትችሉትን ሙከራ ልንገራችሁ። ተማሪዎች፣ ከትልቅ ሰው ጋር ሆናችሁ ሥሩት፤ ዱቄቱ ወደ ሕፃናት አፍም ሆነ ወደ ዓይን እንዳይገባ፣ ሲራገፍም እንዳይተነፈስ ተጠንቀቁ። አንድ ያልተነካ ዳይፐር ቅደዱና ከጥጡ መካከል ያለውን ነጭ፣ እንደ ስኳር የደቀቀ ነገር አራግፉ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። በብርጭቆ አድርጋችሁ ግማሽ ብርጭቆ ውኃ ጨምሩበት። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ብርጭቆውን ብትገለብጡት አይፈስም። ውኃው ጄል ሆኗል።

አሁን አንድ ማንኪያ ጨው ነስንሱበትና አማስሉ። ጄሉ እየላላ፣ ውኃውን እየመለሰ ይሄዳል። በሌላ ብርጭቆ ደግሞ በጨው ፋንታ ሎሚ ጭመቁበት፤ እዚያም ጄሉ ይኮማተራል።

ምን ሆነ? በዚያ ፖሊመር ሰንሰለት ላይ በየተራው የተንጠለጠሉ የአሲድ ቡድኖች አሉ። አሲድ በሌለበት ውኃ ውስጥ እያንዳንዱ ቡድን ሃይድሮጅኑን አጥቶ ኔጋቲቭ ቻርጅ ይዟል። ተመሳሳይ ቻርጆች ይገፋፋሉ። ሰንሰለቱ እንደ ተዘረጋ እጅ ይወጠራል፤ በሰንሰለቶቹ መካከል ቦታ ይከፈታል፤ ውኃ ይገባል። ጨው ሲጨመር የጨው ሶዲየም ቻርጆቹን ከብቦ እንዳይተያዩ ይጋርዳቸዋል። ሎሚ ሲጨመር አሲዱ ሃይድሮጅንን ይመልስላቸውና ቻርጁ ራሱ ይጠፋል። መገፋፋት ቀረ፣ ሰንሰለቱ ተሰበሰበ፣ በሩ ተዘጋ።

ልብ በሉ፤ ሎሚውን ጨጓራ፣ ንጹሑን ውኃ አንጀት ብላችሁ አስቡት። የቫይታሚን ተሸካሚው ምሥጢር በእጃችሁ ባለው ብርጭቆ ውስጥ ነው። በዳይፐሩ ውስጥ ያለው ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ስታርች የተሠራ ነው፤ ለቫይታሚን የሚዘጋጀው ተሸካሚ ግን ያንኑ ቅርንጫፍ በካይቶሳን፣ በስታርች ወይም በሴሉሎስ ግንድ ላይ ያዳቅላል። ሰንሰለቶቹም እንዳይበታተኑ በመካከላቸው ማያያዣ ይገባል፤ ድርና ማጉ ይተሳሰራል። ማያያዣው ሲበዛ መረቡ ይጠባል፣ ሲያንስ ይሰፋል። ሸማኔ ጋቢን ከነጠላ ወፈር አድርጎ እንደሚሠራ ኬሚስቱም የመረቡን ጥበት ይመርጣል።

ቫይታሚኑ እንዴት ይጫናል? በብዙ ሙከራዎች የሚመረጠው ቫይታሚን ቢ12 ነው፤ ምክንያቱ ቀለሙ ነው። ቢ12 ቀይ ነው። ደረቁን ጄል ቀዩ ውኃ ውስጥ ትነክሩታላችሁ፤ ጄሉ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ይቀላል። ከዚያ አውጥታችሁ ታደርቁታላችሁ። ውኃው ሲተን ቫይታሚኑ በተሰበሰበው መረብ ውስጥ ታስሮ ይቀራል። ሌላም መንገድ አለ። ሄልሙት ሪንግስዶርፍ የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት በ1975 ባቀረበው ንድፍ መሠረት፣ መድኃኒቱን በሰንሰለቱ ላይ በኬሚካል ማሰሪያ ማሰር ይቻላል፤ ማሰሪያው በተወሰነ ቦታ ብቻ እንዲበጠስ ሆኖ ይመረጣል። የመጀመሪያው ፍየልን በረት ውስጥ ማስገባት ነው፣ ሁለተኛው በካስማ ማሰር።

የተጫነው ጄል በ37 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ፣ ማለትም በሰውነት ሙቀት፣ በሚጠበቅ ፈሳሽ ውስጥ ይቀመጣል። በመጀመሪያዎቹ 2 ሰዓታት ፈሳሹ እንደ ጨጓራ አሲድ ነው። ተመራማሪው በየጊዜው ትንሽ ይቀዳና ምን ያህል እንደቀላ በብርሃን መለኪያ ያነባል። ቅርንጫፉ ሥራውን ከሠራ ፈሳሹ ሊቀላ የሚችለው ጥቂት ነው። ከዚያ ጄሉ ወደ አንጀት መሰል ፈሳሽ ይዛወራል። አሁን ጄሉ ማበጥ ይጀምራል፤ ቀዩ ቀለም ወደ ውኃው መውጣት ይጀምራል። ይህን በዓይኑ ያየ ተማሪ የሚረሳው አይመስለኝም፤ ቀመር በዓይን የሚታይበት ጊዜ ብዙ አይደለምና።

ቀመር ካልኩ አንዱን ልንገራችሁ። ታከሩ ሂጉቺ የተባለ ጃፓን ዘር አሜሪካዊ የመድኃኒት ሊቅ በ1961 ያወጣው ነው። መድኃኒት ከእንዲህ ያለ መረብ ሲወጣ መጠኑ የሚያድገው ከጊዜው ስኩዌር ሩት ጋር ነው አለ። በቁጥር እንየው። በመጀመሪያው 1 ሰዓት 10 በመቶ ከወጣ፣ 20 በመቶ ለመድረስ 2 ሳይሆን 4 ሰዓት ይፈጃል፤ 30 በመቶ ለመድረስ 9 ሰዓት። ለምን ይዘገያል? ከዳር ያለው ቫይታሚን መጀመሪያ ይወጣል፤ ከመሐል ያለው ረጅም መንገድ አለበት። ከተሞላ አዳራሽ ሕዝብ ሲወጣ በር አጠገብ የተቀመጠው ቀድሞ ከደጅ እንደሚገኘው ነው። ሁልጊዜ በእኩል ፍጥነት የሚለቅ ተሸካሚ ለመሥራት ሰዎች ይህን ያህል ዘመን የደከሙት ስለዚህ ነው። እብጠቱ ከውስጥ መንገዱን እያሰፋ በሄደ መጠን ያ መዘግየት ይካካሳል፤ ከተዳቀሉ ጄሎች የሚጠበቀው አንዱ ጥቅም ይህ ነው።

ቢ12ን ካነሳን ስለ ራሱ ጥቂት ልበል፤ ቀስ ብሎ መልቀቅ ለምን እንደሚያስፈልግ ከእርሱ የበለጠ የሚያስረዳ የለም። ይህ ቫይታሚን ተለይቶ የወጣው በ1948 ነው። ቅርጹን ዶሮቲ ሆጅኪን የተባለች እንግሊዛዊት በ1956 በኤክስሬይ ፈታችው፤ ለእንዲህ ያሉ ሥራዎቿ በ1964 የኖቤል ሽልማት አገኘች። የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከዓሣ ነው። ጨጓራ የሚያመነጨው አንድ ፕሮቲን አለ፤ ቢ12ን ይይዝና እስከ ትንሹ አንጀት መጨረሻ አድርሶ ያስረክባል። ይህ መንገድ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው ግን 2 ማይክሮግራም ገደማ ብቻ ነው። አንድ ሰው 1,000 ማይክሮግራም ክኒን ቢውጥ በዋናው በር የሚገባው ያችው 2 ናት፤ ከቀሪው 1 በመቶ ያህል በአንጀት ግድግዳ ሾልኮ ይገባል። አብዛኛው ያልፋል። በሩ እንደገና ለመቀበል የሚዘጋጀው ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ነው።

ታዲያ አንድ ጊዜ ከማፍሰስ ጥቂት በጥቂት ማቀበል አይሻልም? ይሻላል፤ ግን ወሰን አለው። በሩ ያለው በትንሹ አንጀት መጨረሻ ላይ ብቻ ነው፤ ምግብ ትንሹን አንጀት አቋርጦ የሚያልፈው በጥቂት ሰዓታት ነው። ተሸካሚው 12 ሰዓት የሚለቅ ቢሆን ከፊሉን ጭነት ይዞ በሩን አልፎት ይሄዳል። አውቶቡስ ፌርማታውን አልፎ ሰው እንደማውረድ ነው። ለዚህ ነው «ቀስ ብሎ የሚለቅ» የሚለውን ጽሑፍ እንደ ምስጋና ብቻ የማላነበው። የት ደርሶ የሚለቅ? እዚያስ ተቀባይ አለ ወይ? ይህን እጠይቃለሁ።

ቤተ ሙከራና ሰውነት ለየቅል መሆናቸውን የሚያሳይ ሌላ ሥራ አለ። ቀደም ሲል በጠቀስኩት በጁዳ ፎክማን ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ሮበርት ላንገር፣ በ1976 ከፎክማን ጋር ሆኖ ትልልቅ ሞለኪውሎችም ከፖሊመር ቀስ ብለው ሊወጡ እንደሚችሉ ያሳየ ሰው ነው። በ2019 እርሱና አና ጃክለኔክ በኤምአይቲ የመሩት ቡድን ቫይታሚንን ከድስት የሚጠብቅ ጥቃቅን እንክብል ሠራ። ችግሩ ለእኛ ቤት ቅርብ ነው። ቫይታሚን ሲ ሙቀት ይጎዳዋል፤ ቫይታሚን ኤ ብርሃንና አየር ያበላሸዋል፤ ወጥ ደግሞ በአንድ እሳት ላይ ረጅም ጊዜ ይንተከተካል። የእነርሱ ፖሊመር በማዳቀል የተሠራ አይደለም፤ ጠባዩም እስካሁን ከነገርኳችሁ የተገለበጠ ነው። በሚፈላ ውኃ ውስጥ 2 ሰዓት ተቀቅሎ አይከፈትም፤ የጨጓራ አሲድ ሲያገኘው ግን ይሟሟል። የእኛው ቅርንጫፍ በአሲድ ውስጥ ሃይድሮጅን ሲቀበል ቻርጁን ያጣል፤ የእነርሱ ግን ሃይድሮጅን ሲቀበል ፖዚቲቭ ቻርጅ ያገኛል። አንድ ዓይነት ቁልፍ፣ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚዞር። በዚህ መንገድ 11 ንጥረ ነገሮችን ጠቀለሉ። ከብረት ጋር በሰዎች ላይ ሲሞከር መጀመሪያ የተፈለገውን ያህል ብረት ወደ ደም አልገባም፤ ተመልሰው አሠራሩን ቀየሩት፣ ከዚያ በኋላ ተሻሻለ። ይህን ደብቀው ቢያልፉት ኖሮ ሥራቸውን ያን ያህል ባላከበርኩት።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል ደረስኩ። ቫይታሚንን ቀስ ብሎ እንዲለቀቅ ማድረግ ሰው የጎዳበት ጊዜ አለ። ቫይታሚን ቢ3፣ ኒያሲን ይባላል። ለአንድ ጤነኛ ሰው በቀን 15 ሚሊ ግራም አካባቢ ይበቃዋል። በ1955 በካናዳ የነበሩ ሐኪሞች፣ በግራም የሚለካ ኒያሲን የደም ኮሌስትሮልን እንደሚቀንስ አገኙ። መድኃኒት ሆነ። ነገር ግን የወሰደው ሰው ፊቱና አንገቱ ይቀላል፣ ይግላል፣ ያሳክከዋል። ብዙዎች ጠሉት። መፍትሔው ግልጽ መሰለ፤ ቀስ ብሎ የሚለቅ ክኒን እንሥራ። ተሠራ፣ መቅላቱም ቀነሰ።

በ1994 በአሜሪካ የታተመ ጥናት 46 ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ አነጻጸረ። ተራውን ኒያሲን ከወሰዱት በአንዱም ላይ የጉበት ጉዳት አልታየም። ቀስ ብሎ የሚለቀውን ከወሰዱት ግን ግማሽ ያህሉ ጉበታቸው ታወከ። ለምን? ጉበት ኒያሲንን የሚያስተናግድበት ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ጠባብ ነው፤ ቶሎ ይሞላል፤ ለጉበት የማይበጁ ውጤቶች የሚወጡት በእርሱ ነው። ሁለተኛው ሰፊ ነው፤ ፊት የሚያቀላው እርሱ ነው። ኒያሲን በአንድ ጊዜ ሲመጣ ጠባቡ ይሞላና የተረፈው በሰፊው ያልፋል። ቀስ ብሎ ሲመጣ ግን ሁሉም በጠባቡ ይሄዳል፤ ቀኑን ሙሉ ያለ ዕረፍት። መጠኑ አልተለወጠም። የተለወጠው የመድረሻው ሰዓት ብቻ ነበር።

ስለዚህ አድማጮቼ፣ ቫይታሚን ነው፣ ምን ይጎዳል ብላችሁ ከውጭ አገር ዘመድ የላከውን ጠርሙስ ሁሉ አትክፈቱ። ኒያሲን በብዛት ያለበትን ያለ ሐኪም አትውሰዱ። ሁለተኛ የምለምናችሁ አለ። መዋጥ ላቃታቸው ሽማግሌዎች ክኒን ፈጭቶ በሻይ ወይም በማር መስጠት በየቤቱ የተለመደ ነው፤ ከፍቅር የሚደረግ መሆኑን አውቃለሁ። ቀስ ብሎ እንዲለቅ የተሠራ ክኒን ሲፈጭ ግን ያ ሁሉ ድርና ማግ ይበጠሳል፤ ለ12 ወይም ለ24 ሰዓት የታሰበው መድኃኒት በግማሽ ሰዓት ይፈስሳል። ከመፍጨታችሁ በፊት መድኃኒት ቤት ያለውን ፋርማሲስት ጠይቁ። በመድኃኒቱ ስም ጫፍ ላይ ኤክስአር ወይም ኤስአር የሚል ምልክት ካያችሁ መፍጨት የለም፣ ማኘክም የለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አክስቴ በስልክ ደወሉልኝ። ለስኳር ሕመማቸው ቀስ ብሎ የሚለቅ ሜትፎርሚን ተሰጥቷቸው ነበር።

«ልጄ፣ መድኃኒቱ አልሠራልኝም» አሉ። «እንዳለ ወጣ። መጸዳጃ ቤት አየሁት። አቆምኩት።»

«ስንት ቀን ሆነው ካቆሙ?»

«ሦስት።»

ነገርኳቸው። ያን ክኒን የሚይዘው ከጥጥ ዘመድ፣ ከሴሉሎስ የተሠራ ጄል ነው። አንጀታችን ሴሉሎስን አይፈጭም። ውኃ ይገባበታል፣ ያብጣል፣ መድኃኒቱ በዝግታ ይወጣል፤ ጄሉ ግን መልኩን እንደያዘ መንገዱን ጨርሶ ይወርዳል። ያዩት ክኒን አይደለም፤ ቀፎው ነው። ዛሬውኑ ይጀምሩት፣ ለሐኪምዎም ሦስቱን ቀን ይንገሩ አልኳቸው።

ትንሽ ዝም አሉ።

«ማሩ ተቆርጦ ቀፎው ቀርቶ ነዋ» አሉ፤ ከዚያ ውኃ እንዲያመጣላቸው የልጅ ልጃቸውን ሲጣሩ ሰማሁ።



(የመዝጊያ ሙዚቃ)